የቅዳሜው ጡሩምባ

የደረጄ ሬሳ የተገኘው ከመንደሩ ወረድ ብሎ፣ ጎርፉ ሥሩን ባራቆተው ሾላ ላይ ተሰክቶ ነው። ኢንስፔክተር እቴነሽ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ደግሞ በባጃጅ ተንገጫግጫ ስትደርስ፣ የመንደሩ ሰዎች ሬሳውን በጥላ ሥር አጋድመው የእሷን መምጣት ይጠብቁ ነበር። እሑድ ነው። ሙቀቱ ዳቦ ይጋግራል። የደጋ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችና ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

ድንጋይ ከቧጠጠው በቀር የዱላም የስለትም ምልክት የለበትም። ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሸሚዙን ግን ውኃ አልነካውም፤ ከወንዙ ዳር ታጥፎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበት ተገኝቷል። ተገፍቶ ወንዝ የሚገባ ሰው ሸሚዙን አያጥፍም። ደረጄ ለሥራ፣ ተረጋግቶ ነው የገባው።

«ሌላስ ማን ሞተ?» አለች ቀና ብላ።

«ሌላ ማንም የለም። እሱ ብቻ ነው» ብለው የመለሱላት ጋሽ ታከለ ናቸው። በመንደሩ የውኃ አባት ይባላሉ፤ የመስኖውን ተራ የሚያደሉት፣ ጠብ ሲነሳም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

«ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ፣ እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ።

እቴነሽ ግን ቅዳሜ ቆላ ውስጥ የልብስ አጠባ ቀን መሆኑን ታውቃለች። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ፣ ከብት ይጠጣል። ጎርፉ ያን ሁሉ ሰው ትቶ፣ ወንዙን እንደ መዳፉ የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ ብቻ መርጦ የወሰደ ይመስላል።

የዚህ አገር ጎርፍ መጥፎነቱ ሰማይ ጠርቶ መምጣቱ ነው። በበልግ ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ ቆላው አቧራውን እያቦነነ ሳለ ውኃው ከላይ ይወርድበታል። በዚህ የተነሳ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በወንዙ ዳር የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ የሚያሰሙ ድምፅ ማጉያዎች ተተክለዋል። ሳሙኤል የሚባል ወጣት ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ድልድይ ላይ ሆኖ ውኃውን ይጠብቃል፤ ሲሞላ ለሐሚድ ይደውላል። ሐሚድ ከመንደሩ በላይ ጉብታው ላይ ካለችው ቤት ሆኖ ጡሩምባውን ያስነፋል። ረጅምና የማያቋርጥ ከሆነ «ከወንዝ ውጡ» ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ መሣሪያው መሥራቱ ይፈተሻል፤ አጭር ጩኸት፣ ከዚያ የተቀዳ ድምፅ፣ «ይህ ሙከራ ነው፤ አትደንግጡ።»

በዚያ ቅዳሜ ሙከራው እንደ ወትሮው ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ መጣ። ረጅሙ ጩኸት የተሰማው ውኃው ደረጄን ይዞ ካለፈ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ መንደርተኛው፤ አንዱን ድምፅ ማጉያ በድንጋይ ሰባበረ፤ ሐሚድን ፖሊስ ደርሶ ባያስጥለው ኖሮ እሱንም ከዚያው ይጨምረው ነበር። ሰኞ ደግሞ የባሰ መጣ። ከስልክ ድርጅቱ የተገኘው መረጃ፣ ሳሙኤል ከሙከራው በፊት መደወሉንና ጥሪው መነሳቱን አረጋገጠ። ሐሚድ ግን ስልኩ አልጮኸም እንዳለ ነው። የእቴነሽ አለቃ መዝገቡን ዘግታ ልጁን ወደ ደብረ ብርሃን እንድትልከው አዘዙ። ሐሚድ እያወቀ ዝም ብሎ ሰው አስገድሏል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሐሚድን በእስር ክፍሉ ጥግ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አገኘችው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

«ስልኩ ጮኋል፤ ተነስቷልም» አለችው።

«አልጮኸም።»

«ከደረጄ ጋር ጠብ ነበራችሁ። ሙከራውን አዘገየህብኝ ብሎ ሰው ፊት ሰድቦሃል።»

«ሰድቦኛል። ይቅርታም ጠይቆኛል። ሰው ለስድብ ብሎ ይገድላል?»

«ስልኩ ያን ጊዜ የት ነበር?»

ሐሚድ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እቴነሽ ብዙ ሌባና ብዙ ነፍሰ ገዳይ መርምራለች፤ ለራሱ የሚዋሽና ለሌላ ሰው ሲል የሚዋሽ ሰው አንድ ዓይነት ዝምታ እንደሌላቸው ታውቃለች።

በሩ ላይ እናቱ ሩቂያ ከጎህ ጀምሮ ምግብ በሰሃን ቋጥረው ተቀምጠዋል። እቴነሽ ስታልፍ ቀሚሷን ያዟት። «እትዬ፣ ልጄ በግ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ወላሂ ሰው አይገድልም። ከወሰዳችሁት አይመለስም፤ እኔም አልቆይለትም» አሏት። እቴነሽ እጃቸውን ቀስ ብላ አላቀቀችና ወጣች።

ወደ ጉብታው ወጥታ የማስጠንቀቂያውን ቤት አየች። ማብሪያውን ተጫነች፤ አልበራም። መብራት ከሄደ መሰንበቱን በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ነገራት። ጡሩምባው የሚሠራው በራሱ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ደግሞ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ ከተማ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አቧራ ለብሷል። ጥቂት ተቀምጣ አዳመጠች፤ ከዋኔ ወፎች በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ሳሙኤልን ከድልድዩ አስጠራችው። ለሥራው አዲስ ነው፤ ፈርቶ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ጎርፉ ድልድዩን አልፏል፣ ንፋ ብዬ ነገርኩት» አላት። «ጮኼ ነው የነገርኩት። እዚያ በኩል ወፍጮ ያንጓጓል፤ አልሰማኝ ይሆን ብዬ ደገምኩለት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«እሺ፣ እሺ ብቻ።»

«ድምፁ የሐሚድ ነበር?»

ልጁ አሰበ። «በሐሚድ ስልክ ሌላ ማን ያነሳል?» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ወደ ደረጄ ቤት ሄደች። ሚስቱ ሩት ማቅ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ በጓሮዋ ያለው ሽንኩርት ውኃ አጥቶ አንገቱን ደፍቷል። እቴነሽ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሳታጣድፋት ባሏ ለምን ወንዝ እንደገባ ጠየቀቻት።

«ጡሩምባው ተነፋ፤ ተራው የእኛ ነው፤ ወረደ» አለች ሩት፣ ይህ የማይታወቅ ነገር ነው ወይ በሚል ዓይነት።

«ተራው ከጡሩምባው ጋር ምን አገናኘው?»

«የቅዳሜው ጡሩምባ ሲነፋ ተራው የደረሰው ሰው ይወርዳል። የድንጋይና የቅርንጫፉን ጥልፍ አፍርሶ ውኃውን ወደ ራሱ ቦይ ያዞራል። ድሮ በዛፍ ጥላ ነበር የሚለካ። ጥላው ደርሷል አልደረሰም እየተባለ ዶማ ይማዘዙ ነበር። ጋሽ ታከለ ናቸው በጡሩምባ ይሁን ብለው ጠቡን ያስቀሩልን።»

ሰውን ከወንዝ እንዲያወጣ የተተከለ ጡሩምባ በዚህ መንደር ሰውን ወደ ወንዝ የሚጠራ ሆኗል። ያውም አንድ ሰው፤ ያውም ማን እንደሆነ ሁሉም የሚያውቀው።

«ባልሽ የሚጠላው ሰው ነበር?»

«የሚጠላውስ አልነበረም። እሱ ራሱን ይጠላ ነበር።» ሩት እንባዋን በማቁ ጫፍ ጠረገች። የጋሽ ታከለ ልጅ ኤርሚያስ ባለፈው በልግ ደረጄን ሊያግዝ ወንዝ ገብቶ ጎርፍ እንደወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ ባሏ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረቻት። ያን ቀን ረጅሙ ጡሩምባ በጊዜው ተነፍቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ በኤርሚያስ ሙት ዓመት ላይ ደረጄ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። ጋሽ ታከለ ይህን አይተው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ምን ተባባላችሁ ብለው፣ ሆድ ይፍጀው አለኝ» አለች።

ወፍጮውን ማግኘት አላስቸገረም፤ በናፍጣ ስለሚሠራ መንደሩ ጨለማ ሲሆንም ያንጓጓል። ከጉብታው ሥር ነው። ከጎኑ ያለው የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በረንዳው ላይ የጎረቤት ስልኮች በየገመዳቸው ተደርድረው ይሞላሉ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ታከለ ናቸው።

በአክብሮት ተቀበሏት፤ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውኃ ቀድተው ሰጧት። ከወንበሩ በላይ የኤርሚያስ ፎቶ ተሰቅሏል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል።

«አንቱ ቅዳሜ ዕለት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቤቴ። ጎርፉን እንደ ሰው ሁሉ ሲመጣ ነው ያየሁት።»

«ሐሚድን እንዴት ያዩታል?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። «መልካም ልጅ ነው» አሉ። «ከልጄ ጋር አንድ ላይ ነው ያደገው። አትጨክኑበት።» የሚያሳዝነው፣ ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር።

ስለ ስልክ አንድም ነገር ሳትጠይቃቸው ወጣች። በመጨረሻ የሄደችው ወንዝ ዳር ልብስ ከምታጥበው ከዓሊያ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ዕለት ለምን ከወንዙ እንደወጣች ጠየቀቻት።

«ጋሽ ታከለ አስወጡን» አለች ዓሊያ፣ ሳሙናውን ከእጇ እያስቀመጠች። «ላይ ቤት የተባይ መድኃኒት መርጫ ወንዝ ውስጥ ታጥቧል፣ ውኃው ተመርዟል፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ ብለው ከወፍጮው ጀምሮ እየሮጡ መጡ። ሽማግሌ ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። አላህ ይስጣቸው፤ ይሄን ጊዜ እኔም ልጆቼም የለንም ነበር።»

«ደረጄስ?»

«እሱ ገና አልመጣም ነበር። ጡሩምባው የተነፋው ከወጣን በኋላ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እቴነሽ ግን ይህ እውነት ባይጠራላት ደስ ባላት ነበር። እስከ ማታ ድረስ ሌላ መልስ ፈለገች፤ አጣች።

ሐሚድ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወሰድበት ቀን ከመድረሱ በፊት፣ በተከታዩ ቅዳሜ፣ ሁሉንም ጥልፉ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ሰበሰበቻቸው። ሐሚድ እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆመ። ሩቂያ፣ ሩትና ሳሙኤል በአንድ ወገን፣ ጋሽ ታከለ ዱላቸውን ተደግፈው በሌላ ወገን ተቀመጡ። መንደርተኛው ዙሪያውን ከበበ። ዓሊያና ጓደኞቿ ከታች ልብስ ያጥባሉ፤ የሳምንት ልብስ ሐዘን አያውቅም። ደጋው ጫፍ ላይ ካለው ከጠርማ በር በላይ ደመናው ጠቁሯል።

«ሳሙኤል ደውያለሁ ይላል፤ ሐሚድ አልጮኸም ይላል» ብላ ጀመረች እቴነሽ። «አንዱ ውሸታም መስሎን ነበር። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ጥሪው ተነስቷል፤ ያነሳው ግን ሐሚድ አይደለም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«መብራት ከሄደ ሰንብቷል። ጉብታው ላይ ስልክ የሚሞላበት ነገር የለም። ያም ሆኖ ስልኩ በርቶ ነበር፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ ሲሞላ ነበር። ሳሙኤል ደግሞ በስልኩ ውስጥ የወፍጮ ድምፅ ሰምቷል። ጉብታው ላይ ከዋኔ በቀር የሚጮኽ የለም። በዚህ መንደር ወፍጮም የፀሐይ ኃይልም አንድ ላይ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ጋሽ ታከለ ዞሩ።

«ሐሚድ፣ ስልኩን የት ነው የተውከው?»

ሐሚድ አንገቱን ደፋ። «ባትሪው ሞቶ ነበር። ከሞተ ስልክ ሲሞላ የሚጮኽ ይሻላል ብዬ ነው። ከጮኸ ጥሩኝ ብያቸው ነበር፤ ቤታቸው ከጉብታው ሥር ነው። ከሙከራው በኋላ ልወስድ ስወርድ ጎርፉ መጣ። ሮጬ ተመልሼ ነፋሁ። በኋላ ስልኩን ሲሰጡኝ አልጮኸም አሉኝ።»

«ለምን ይህን አልነገርከኝም?»

«አባቴ ናቸው» አለ ሐሚድ። «አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ኤርሚያስን አብረን ነው የቀበርነው። አልጮኸም ካሉ፣ ዋሽተዋል ብዬ የምናገርበት አፍ ከየት ላምጣ?»

ሩቂያ መሬቱን በመዳፋቸው መቱ።

«አሁን ወደ ወንዙ እንምጣ» አለች እቴነሽ። «ቅዳሜ ቀን አንድ ሰው ብቻ ለምን ሞተ? ሌሎቹን ያስወጣቸው ሰው ስላለ ነው። ውኃው ተመርዟል ብሎ አስወጣቸው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ መድኃኒት የሚረጭ፣ መርጫም የሚያጥብ ገበሬ የለም፤ ይህን ከኔ ይበልጥ እናንተ ታውቃላችሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ መምጣቱን የሚያውቅ፣ ስልኩን ያነሳው ብቻ ነው። ያ ሰው ጡሩምባው ሲነፋ ማን ወንዝ እንደሚወርድም ያውቃል፤ ተራውን የሰጠው ራሱ ነው። ጋሽ ታከለ፣ ቤቴ ነበርኩ ብለውኛል። ዓሊያ ግን እየሮጡ ሲመጡ አይታዎታለች። ለምን እንደዋሹኝ የሚገባኝ ይመስለኛል። በሙት ዓመቱ ዕለት ደረጄ ጓሮ ውስጥ ምን አለዎት?»

ጋሽ ታከለ አልካዱም። ከብዙ መንገድ በኋላ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ትከሻቸው ወረደ።

«ልጄ ረጅሙን ጡሩምባ ሰምቶ ሊወጣ ሲል፣ ሙከራ ነው፣ ጨርሰን እንሂድ እንዳለው ነገረኝ» አሉ። «ደረጄ እውነትም ሙከራ መስሎት ነበር። እሱ ዳር ነበረ፤ ተረፈ። ልጄ መሐል ነበረ። እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። በአፌ።»

ሩት ቀና አለች።

«ስልኩ ሲጮኽ ክፉ ነገር አላሰብኩም። መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሴቶቹ ነው። ጎርፍ ብላቸው ሰማዩን አይተው የሚስቁብኝ መሰለኝ፤ ስለዚህ መርዝ አልኩ። እነሱን አውጥቼ ዳገቱን ልወጣ፣ ሐሚድን ልጠራ ነበር። ያኔ ጡሩምባው ተነፋ። ደረጄ ሸሚዙን አጥፎ አስቀመጠና ወረደ። ቀና ብሎም ጤና ይስጥልኝ አለኝ።» በዱላቸው ወደ ጥልፉ ጠቆሙ። «ውጣ ልለው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። አልወጣም ብል ደግሞ ውሸት ነው፤ አላወጣሁትም።»

«አንድ ቃል እኮ ነበር ጋሼ» አለች ሩት። «ልጆቼን ያለ አባት ያስቀራቸው አንድ ቃል ነው።»

«የኔንም ልጅ የበላው አንድ ቃል ነበር» አሉ። ቀጥለው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ እያልኩ ነው ሳምንቱን የሰነበትኩት። አልሆነልኝም። ተራው በጡሩምባ ይለወጥ ያልኩ እኔ ነኝ። ጡሩምባ ሲሰማ ሥራ እንጂ ሞት እንዳይታየው ልጄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደረጄንም ያስተማርኩት እኔው ነኝ።»

ወደ ሐሚድ ዞሩ። «አንተን አሳልፌ ልሰጥህ ነበር። ዝም እንደምትልልኝ አውቅ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው» አሉት። ሐሚድ ሊጠላቸው ሞከረ፤ አልቻለም፤ ሌላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ስላልነበረም አለቀሰ።

እቴነሽ ካቴናውን ከልጁ እጅ አስፈታች። ሩቂያ ቀድመው ደረሱና የልጃቸውን የተላጠ የእጅ አንጓ በነጠላቸው ጠቀለሉት። ለጋሽ ታከለ ካቴና ይምጣ አላለችም፤ ሁለቱ ፖሊሶች ግን በግራና ቀኛቸው ቆሙ።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልናገር» አሉ ሽማግሌው። ዱላቸውን ሩት እግር ሥር አስቀመጡ። «ተራው ያንቺ ነው፤ እናንተ ደግሞ ነገ ጠዋት፣ የደጋውንም የቆላውንም ሰማይ አይታችሁ ውኃውን አዙሩላት። ከዛሬ ጀምሮ ተራው እንደ ድሮው በጥላ ነው። ትጣላላችሁ፤ አውቃለሁ። ተጣሉ። በሕይወት ቆማችሁ ተጣሉ። ይህ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ግን፣ ሙከራም ይሁን እውነት፣ ሁላችሁም ውጡ።»

ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። እቴነሽ የማስጠንቀቂያውን ቤት ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለሐሚድ ዘረጋችለት። ልጁ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ተቀበላትና ብቻውን፣ እያነከሰ፣ ጉብታውን ወጣ።

ጋሽ ታከለን ወደ መኪናው ሲወስዷቸው አጭሩ ጩኸት ተሰማ። «ይህ ሙከራ ነው፤ አትደንግጡ» አለ የተቀዳው ድምፅ፤ አንዱ ድምፅ ማጉያ ስለተሰበረ ድምፁ ከወዲያኛው ዳር ብቻ ነበር የሚመጣው። ዓሊያ ልብሷን በሳሙናው ትታ ልጆቿን እየጎተተች ወጣች። ሌሎቹ ተከተሏት፤ ከብት የሚያጠጡትም ከብታቸውን እየነዱ ወጡ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልሳቀም።

ሽማግሌው የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ፤ ፖሊሶቹም አላጣደፏቸውም። ጥልፉ እንዳለ ነው፤ ውኃው በድንጋዮቹ መሐል ቀስ ብሎ ይወርዳል። ወንዙ ውስጥ ማንም አልነበረም።